ያለቀው ወለል አፉን ከፈተ፤ ከሥር ይነሳ ወይስ በዚሁ ይስተካከላል?

አዲስ_ወለል
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኑ 6 ሜትር በ3.90 ነው። 8 ሚሊ ላሚኔት ተነጥፎበታል፤ ከሥሩ ስስ ፎም አለ። ያነጠፈው ባለሙያ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ወለሉ አፉን መክፈት ጀመረ።

አንዳንዱ ክፍተት ጣውላዎቹ ጫፍ ለጫፍ በሚገናኙበት ነው። ጥፍር ያስገባል። በሩ አጠገብ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። በረጅሙ ጎን ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ዝግ ሆኖ ወደ ሌላው እየሰፋ ይመጣል። በመስኮቱ በኩል ያለው የመጨረሻ ረድፍ ደግሞ ሁለት ጣት የማይሞላ ቁራጭ ነው፤ ሲረገጥ ይነሳል። ይሄ ሁሉ አንሶ መጋጠሚያዎቹ ደረጃ ሠርተው ከጥግ እስከ ጥግ ይወርዳሉ። አንዴ ካየሁት በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር አላይ ብሏል።

ደውዬ ስነግረው «ስቱኮ ይሞላበታል፣ ምንም አይደል» አለኝ። እውነት ምንም አይደለም?

ቶሎ_ይለቅ
ምን ያስጨንቅሻል። በቀለሙ አመሳስለሽ ስቱኮ ሙይበት። በደረጃው ላይ ምንጣፍ ጣል አድርጊበት።

መጋዝና_ሜትር
ስቱኮውን ተዪው እህቴ።

ላሚኔት ከታች በኮላ አልተያዘም፣ በምስማርም አልተመታም። ጣውላዎቹ እርስ በርስ በክሊክ (የአንዱ ምላስ በሌላው ቦይ ገብቶ በሚቆለፍበት መጋጠሚያ) ተያይዘው አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይሆኑና ፎሙ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ውስጡ ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት ነው። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስለዚህ ወለሉ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ክፍተቱን በጠንካራ ነገር ከሞላሽው፣ ሲያብጥ መመለሻ ያጣል። ሲሰበሰብ ደግሞ ስቱኮው ይሰነጠቅና የቆሸሸ መስመር ሆኖ ይቀራል።

አሁን የሚፈለገው ክፍተቱን መሙያ አይደለም፤ ወለሉን ሰቅዞ የያዘው ነገር ነው። ይህን እይልኝ። ዞኮሎውን (ግድግዳው ሥር ያለውን ጠርዝ መሸፈኛ) ከመስኮቱ በኩልና ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ አንሺ። በጣውላውና በግድግዳው መሃል ምን ያህል ክፍት ቦታ አለ? ክፍተት ያለበትን ቦታ ስትረግጪው ወደ ታች ይሰምጣል? ወለሉ ላይ የቆመ ከባድ ዕቃ አለ? የበሩ መቃን ሥርስ ምን ይመስላል?

አዲስ_ወለል
ጋሼ አመሰግናለሁ። ዞኮሎው በስፓቱላ በቀላሉ ተነሳ። በመስኮቱ በኩል ቀጭኑ ረድፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ወረቀት እንኳ አያስገባም። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ወደ ሁለት ሳንቲ የሚጠጋ ክፍት አለ፣ ሌላ ቦታ ላይ ምንም የለም። መቃኑ ሥር ጣውላው በደንብ ስላልገባ ዙሪያውን በሲሊኮን ሞልቶታል። በግድግዳው ጥግ ሙሉ የመጽሐፍ መደርደሪያ ቆሟል። መሃል ላይ ደግሞ ስረግጠው ዝቅ ይላል፣ ጭርር የሚል ድምፅም አለው።

መጋዝና_ሜትር
እንግዲህ ተገኘ። አንድ አይደለም፣ ተደራርቦ ነው የመጣው።

ዙሪያውን ባዶ ቦታ መተው ግዴታ ነው። ብዙ አምራቾች ከ8 እስከ 12 ሚሊ ይላሉ። በየሜትሩ አንድ ሚሊ ተኩል ብለሽ ብታስቢ አትሳሳቺም፤ 6 ሜትር ላይ 9 ሚሊ ይመጣል፣ 10 አድርጊው። ይህ ለግድግዳ ብቻ አይደለም። ለመቃን፣ ለቧንቧ፣ ለምሰሶ፣ ለደረጃ ጠርዝም ነው። ያንቺ ወለል በመስኮቱ በኩል ተወጥሯል፣ በበሩ በኩል ሲሊኮን ይዞታል፣ በጥግ መደርደሪያው ተጭኖታል። አየሩ ሲደርቅ ሰሌዳው መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ግን በሦስት ቦታ ተይዟል። ስለዚህ ከደካማው መጋጠሚያ ላይ ይለቃል። በእርጥብ ወቅት ቢሆን ደግሞ በተቃራኒው መሃሉ ጉብ ብሎ ይነሳ ነበር።

በበሩ አጠገብ እየሰፋ የሚሄደው ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ የመጀመሪያው ረድፍ ጠማማ መሆኑን ነው የሚናገረው። ግድግዳው ቀጥ ያለ መስሎት ጣውላውን በግድግዳው ልክ አስደግፎታል። በአንድ ቦታ ሁለት ሳንቲ፣ በሌላው ዜሮ ያልሽኝ እሱን ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከጎበጠ ሁለተኛው በግድ ይገባለታል፣ ሦስተኛው ላይ ግን እምቢ ይላል።

ደረጃ_ለካ
መሃል ላይ የሚሰምጠውን አትርሱት። ጫፍ ለጫፍ ያለውን ክሊክ የሚበላው እሱ ነው። በተረገጠ ቁጥር ምላሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል፤ ቀስ በቀስ ይፈጫል። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ነገር፣ የአሉሚኒየም ዘንግም ቢሆን፣ ሊሾው ላይ (ከፎሙ ሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል ላይ) አስተኝተሽ ከሥሩ ያለውን ክፍት ለኪ። ከ3 ሚሊ በላይ ከሆነ መሞላት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፎም በሁለት ይደርባል። ስህተት ነው። ፎም ጉድጓድ አይሞላም፤ ሲለሰልስ ጭራሽ መጋጠሚያው ይበልጥ ይሰምጣል።

ቶሎ_ይለቅ
እና በአጭሩ ሙሉውን ይነሳ ነው የምትሉት? ክፍሉ ባዶ አይደለም እኮ። ሲሊኮኑን ቆርጣ፣ መደርደሪያውን አንቀሳቅሳ፣ በመስኮቱ በኩል 1 ሳንቲ ብታነሳለት አይበቃም?

መጋዝና_ሜትር
ችግሩ የመወጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር። የሚንቀጠቀጥ ጠባብ ምላጭ ባለው የኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ ሳይነሳ፣ ግድግዳው ሥር ያለውን ጠርዝ መቁረጥ ይቻላል። ብዙ ወለል በዚሁ ይድናል፤ አንዳንዱ ጉብታ ከተቆረጠ በኋላ በራሱ ይተኛል። እዚህ ግን 2 ሳንቲ ከሆነ ቁራጭ ላይ 1 ሳንቲ ስትወስድ ምን ይቀራል? የጠመመውስ የመጀመሪያ ረድፍ በምን ይቃናል? ከክሊክ ወለል የመጀመሪያውን ረድፍ ለማግኘት ከመጨረሻው ረድፍ መነሳት አለበት። እንደተገጣጠመ በተቃራኒው ነው የሚፈታው።

ጥሩው ነገር፣ ክሊክ ስለሆነ ጣውላው አይባክንም። ሙሉ ረድፉን ባንድ ላይ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቀና አድርጋችሁ ከቀዳሚው አውጡት። ከዚያ ጫፍ ለጫፍ ያለውን ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ ለዩት። ወደ ላይ አትስበሩት፤ ምላሱ የሚቀረው ያኔ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ጫፉ ላይ የላስቲክ ምላስ አለው፣ እሱም በመንሸራተት ነው የሚወጣው። ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር ጻፉበት።

ቀጥታ_መስመር
ከመነሳቱ በፊት ሒሳቡን እንሥራው። የቀጭኑ ረድፍና የደረጃው ምስጢር ያለው እዚያ ነው። የጣውላሽ ስፋትና ርዝመት ስንት ነው?

አዲስ_ወለል
19.3 ሳንቲ በ1.38 ሜትር። ካርቶኑ ላይ አለ።

ቀጥታ_መስመር
ስፋቱ 390 ሳንቲ ነው። በሁለቱም ወገን 1 ሳንቲ ስትተዪ 388 ይቀራል። ለ19.3 ስታካፍዪው 20 ሙሉ ረድፍ 386 ይይዛል፣ ትራፊው 2 ሳንቲ ነው። ሰውየው ሳይለካ ከአንዱ ግድግዳ ጀምሮ ነጎደ፤ ሲጨርስ 2 ሳንቲ ቀረችው። የዙሪያውን ክፍት ሳይጠብቅ ደግሞ ግድግዳው ላይ ለጠፋት። የመጨረሻ ረድፍ ከ5 ሳንቲ ማነስ የለበትም፤ ክሊኩ በቂ አካል ስለማይኖረው አይዝም።

መፍትሔው አንዱን ሙሉ ረድፍና ትራፊዋን ደምሮ ለሁለት መክፈል ነው። 19.3 እና 2 ሲደመር 21.3፣ ለሁለት 10.65። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ረድፍ 10.65 አድርጊ፣ መሃሉ 19 ሙሉ ረድፍ ይሆናል። ደምሪው፣ 388 ይመጣል። የመጀመሪያውን ስትቆርጪ የሚወገደው በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ነው፤ ወደ ክፍሉ የሚያየው ክሊክ መነካት የለበትም። አንድ ረድፍ ተጨማሪ ጣውላ ግን ያስፈልግሻል፣ ማለትም 5። ከካርቶኑ የተረፈ ካለ ደስ ይበልሽ።

አሁን ወደ ደረጃው። ርዝመቱ 600 ነው፣ ከሁለቱም ጫፍ ሲተው 598። 4 ሙሉ ጣውላ 552፣ የቀረው 46። የሚቀጥለው ረድፍ ከተቆረጠው ጣውላ በተረፈው 92 ይጀምራል፣ የዚያ ረድፍ ትራፊ ደግሞ 46 ነው። ሦስተኛው በ46 ይጀምርና በሙሉ ጣውላ ያልቃል። አራተኛው እንደገና በሙሉ። 138፣ 92፣ 46፣ ደግሞ 138፣ 92፣ 46። በየረድፉ 46 ሳንቲ እየወረደ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ደረጃ! ቁራጩን እየወሰደ ማስቀጠሉ መጥፎ ልማድ አይደለም፣ ጣውላ ይቆጥባል። በዚህ ክፍል ልክ ግን ሒሳቡ ራሱ ደረጃ ይወልዳል።

ቶሎ_ይለቅ
ታዲያ ጥንካሬው ላይ ምን ይጎዳል? 46 ሳንቲ ተራርቋል አይደል።

ቀጥታ_መስመር
እሱስ ልክ ነህ። ብዙዎች የሚጠይቁት ቢያንስ 30 ነው፣ 46 ያልፋል። ደረጃው ዓይን ነው የሚጎዳው። ጥንካሬ የሚጎዳው በየሁለት ረድፉ መጋጠሚያ አንድ መስመር ላይ ሲውል፣ ወይም በ10 እና በ15 ሳንቲ ሲቀራረብ ነው። ግን የሚነሳ ከሆነ ለምን ደረጃ ሆኖ ይመለሳል? የረድፍ መጀመሪያዎቹን ለምሳሌ 138፣ 70፣ 110፣ 46 አድርጊ። በየትኛውም ጎረቤት መሃል ከ30 በላይ አለ፣ ዓይንም መስመር አያገኝም። ከ30 ያነሰ ቁራጭ በጫፍ አታስገቢ።

ዝምተኛ_አንባቢ
ክሩን ስከታተል ነበር። የኔ ቀላል ነው። ወለሉ ደህና ነው፣ ዙሪያውም ክፍት አለው። መሃል ላይ አንድ ጫፍ ለጫፍ ብቻ 2 ሚሊ ገደማ ተለያይቷል። አይሰምጥም። ለዚህ ብዬ ላንሳው?

መጋዝና_ሜትር
በፍጹም። መስታወት ሠራተኞች መስታወት የሚያነሱበትን፣ በአየር የሚጣበቅ የላስቲክ መያዣ ፈልግ። ጣውላውን ጠርገህ መያዣውን ከክፍተቱ ትንሽ ራቅ አድርገህ ለጥፈው። ከዚያ የመያዣውን ጎን በላስቲክ መዶሻ ወደ ክፍተቱ አቅጣጫ ቀስ ብለህ ምታ። ጣውላው ይንሸራተታል። መያዣ ከሌለህ በሁለቱም በኩል በሚጣብቅ ጠንካራ ፕላስተር አንድ የእንጨት ቁራጭ ለጥፈህ እሱን ምታ።

ልብ በል፣ ክፍተቱ አይጠፋም፣ ይዛወራል። ይህኛው ሲዘጋ ከጀርባው ያለው ይከፈታል፤ እሱንም እንደዚሁ ትገፋለህ። እንዲህ እያልክ ግድግዳ ሥር ታደርሰዋለህ፤ እዚያ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ከመግፋትህ በፊት ክፍተቱን በቫኪዩም ምጠጥ። አሸዋ ካለበት አይዘጋም።

ደረጃ_ለካ
እኔ ከመዝጋቴ በፊት በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ትንሽ የእንጨት ኮላ ምላሱ ላይ አደርጋለሁ። እርጥበት የሚቋቋመውን፣ ዲ3 የሚባለውን።

ቀጥታ_መስመር
እዚህ ላይ አልስማማም። ኮላ ከገባ በኋላ ያ ረድፍ ተመልሶ አይነሳም። አንድ ጣውላ ውሃ ነክቶት ቢያብጥ በምን ታወጣዋለህ? ያበጠ ጠርዝ ደርቆም አይመለስም፣ መቀየር ነው ያለበት።

ደረጃ_ለካ
ክሊኩ ጤነኛ ከሆነ ኮላ አያስፈልግም፣ እሱ ላይ አንድ ነን። ምላሱ ለተፈጨበትና ተዘግቶ ተመልሶ ለሚከፈተው ነው ያልኩት። ጣውላ ከጣውላ ይያያዛል፣ ከሊሾው ጋር ግን አይነካካም። ተንሳፋፊነቱ አልተነካም።

ዝምተኛ_አንባቢ
ያለ ኮላ ሞከርኩት። ተዘጋ። ከግድግዳው በፊት የነበረው የመጨረሻው ጣውላ ትንሽ አስቸገረ፤ ዞኮሎውን አንስቼ ወደ ኋላ ሳብኩት። አመሰግናለሁ።

አዲስ_ወለል
ተነሳ! የአክስቴ ልጅ አግዞኝ ከመስኮቱ በኩል ጀመርን። ያየነውን ልንገራችሁ።

ጫፍ ለጫፍ ከተከፈቱት ውስጥ ብዙዎቹ ቦያቸው ውስጥ የመጋዝ ብናኝ ታጭቆባቸዋል። ከመመታቱ ብዛት ደርቆ ቀጭን ቅርፊት ሆኗል። በጥርስ ብሩሽ አልወጣ ብሎ በመርፌ ነው የፈለቀቅነው። ከውጭ ሲታይ ክሊኩ የተዘጋ ይመስላል፣ ግን መጨረሻው ድረስ አልገባም። የሚያናድደው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር የሚቆርጠው።

መሃሉን በዘንግ ለካነው፣ 6 ሚሊ ዝቅ ይላል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ ሊሾው ላይ ግን ላስቲክ የለም፣ ፎም ብቻ። የሦስት ጣውላዎች ጫፍ ላይ ምላሱ ተሰብሯል። መዶሻውን በቀጥታ ጣውላው ላይ ይመታ ነበር መሰለኝ፤ ጠርዙ ላይ ጠባሳ አለ።

ደረጃ_ለካ
6 ሚሊው ላይ ሊሾውን ጠርገሽ፣ ፕራይመር ቀብተሽ፣ ራሱን የሚያስተካክል የወለል ሙሌት አፍሺበት። መድረቂያው ከረጢቱ ላይ ይጻፋል፤ እሱን ሳትጨርሺ አትንጠፊ። ጉብታ ካለ በተቃራኒው በመፍጫ ድንጋይ ይፋቃል።

ላስቲኩ የግድ ነው። ከታች የሚመጣው እርጥበት የጣውላውን ሆድ ያሳብጠዋል፣ ላዩ ግን ደረቅ ነው፣ ከዚያ ጠርዙ ወደ ላይ ይቀናል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ የሆነ አንጥፊ። አንሶላ በአንሶላ ላይ 20 ሳንቲ ይደረብ፣ መገናኛው በፕላስተር ይያዝ፣ በግድግዳው በኩል ትንሽ ወደ ላይ ይውጣ። ፎሙ ከላዩ ነው የሚመጣው።

መጋዝና_ሜትር
የተሰበሩት ሦስቱ አይጣሉ። የተጎዳው ጫፍ ግድግዳ ጋ እንዲውል አድርገሽ የረድፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ አድርጊያቸው። ለማንኛውም የምትቆርጪው ነው፣ የተሰበረውን በኩል ቁረጪ።

አጀማመሩን ጠንቀቅ በሉ። ግድግዳውን እርሱት። ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ሲባጎ ወጥራችሁ መስመር አስምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች በዚያ መስመር ላይ ይገጣጠሙ። ግድግዳው የሆዱን ያህል ይግባና ይውጣ፣ ሽብልቅ እየለዋወጣችሁ ክፍቱን ጠብቁ። ግድግዳው በጣም ከጎበጠ ጉብታውን በትንሽ እንጨትና በእርሳስ ጣውላው ላይ ቅዱና በጂግሶ ቁረጡ። ሁለቱ ረድፎች ቀጥ ካሉ የቀረው በራሱ ይሄዳል። እያንዳንዱን ረድፍ ከመምታታችሁ በፊት ቦዩን ጥረጉ። የምትመቱት በመምቻ እንጨቱ ላይ ነው፤ የጫፍ ጣውላውን ደግሞ በመሳቢያ ብረት (ጫፉ ታጥፎ ጣውላውን በሚይዝ ብረት) ሳቡ።

መደርደሪያው ከተመለሰ በኋላ ሁለት ከባድ ዕቃ በተቃራኒ ግድግዳዎች አታቁሙ። ወለሉ በአንድ በኩል ቢያዝ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በሁለቱም ከተያዘ መሃሉ ይከፈታል።

አዲስ_ወለል
የተገዛው ተጨማሪ ካርቶን መጣ። ወዲያው ማስገባት እችላለሁ?

ቀጥታ_መስመር
አይ። ሳይከፈት እዚያው ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆይ። አለዚያ አዲሱ ሌላ እርጥበት ይዞ ይገባና ከአሮጌው ጋር አብሮ አይሰበሰብም። ስትነጥፊም ከአዲሱና ከአሮጌው እየቀላቀልሽ፤ የቀለም ልዩነት ካለ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይታይም።

አዲስ_ወለል
ተጀምሯል፤ ሲባጎውን ተከትለን ሦስተኛው ረድፍ ያለ ምንም ትግል ገባ። የቀረኝ በሩ ነው። ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ ፍቄዋለሁ፣ ጣውላውን በመቃኑ ቅርጽ እየዞርኩ መቁረጥ ነው ያለብኝ?

መጋዝና_ሜትር
ጣውላውን አይደለም፣ መቃኑን ነው የምትቆርጪው። የፎም ቁራጭና በላዩ የጣውላ ቁራጭ ተገልብጦ መቃኑ ሥር ይቀመጥ። መጋዙን በዚያ ላይ አስተኝተሽ የመቃኑን እግር ቁረጪ፤ ከፍታው ልኩን ይመጣል። ጣውላው ከሥሩ ይገባል፣ ውስጥ ላይ 1 ሳንቲ ባዶ ተዪለት፤ ከላይ ምንም አይታይም። መቃኑ የብረት ከሆነ ግን ይህ አይሆንም፤ ያኔ ዞሮ መቁረጥ ነው፣ ክፍቱም በሚለጠጥ መሙያ እንጂ በሚደርቅ ነገር አይሞላም።

በሁለቱ ክፍሎች መሃል በሩ ሥር መሸጋገሪያ ፕሮፋይል አስገቢ። ብሎኑ በክፍቱ በኩል ሊሾው ላይ ይያዝ፣ በጣውላው ውስጥ እንዳያልፍ። ዞኮሎውም ሲመለስ ግድግዳው ላይ ነው የሚመታው።